ፖም፦ የታወቀ ፍሬ

ለንደን፣ ማርች 4 ቀን 1743

ለተወደድሽው እህቴ፣ ለአጎቴ ልጅ ለቶማሲን ሄርድ፣

ይህ ወረቀት አንቺንም አክስቴንም በጤና ያግኛችሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጣቶቼ ብቻ በቀለም ጠቁረው ቀርተዋል። የአክስቴ ዓይን ጨርሶ እንደጠፋ ሰምቼ ልቤ ተነክቷል። እጃቸውን ሳሚልኝ።

ሰባት ዓመት ጠፍቶ የቆየ ዘመድ ሲጽፍ ሰው «ስንት ሊለምነኝ ነው?» ይላል። አይዞሽ፣ እኔ የምለምንሽ ገንዘብ አይደለም፣ ቃል ነው። ሚስተር ፔንጌሊ የሚባሉ ሊቅ ዘንድ ተቀጥሬ መዝገበ ቃላት እንጽፋለን። ስድስት ጸሐፊዎች ጣሪያ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ተፋፍገን እንውላለን። እያንዳንዱ ቃል በቁራጭ ወረቀት ይጻፍና በየፊደሉ ይታሰራል። ሥራው ቀላል እንዳይመስልሽ። ሰው በዓይኑ ያላየውን ነገር በቃል እንዴት ታሳይዋለሽ? ጌታዬ ታዲያ «ባየው በኩል ያላየውን አሳየው» ይላሉ። ነብር ያላየ ሰው ድመት አይቷልና «ነብር፦ ድመት የሚመስል፣ ጥጃ የሚያህል አውሬ» እንላለን። አዞን ደግሞ «እንሽላሊት የሚመስል፣ ጀልባ የሚያህል» እንለዋለን። ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነገር ሲሆን ግን አንደክምም። «ውሻ፦ የታወቀ እንስሳ»፣ «ፖም፦ የታወቀ ፍሬ» ብለን እናልፋለን።

ከአንቺ የምፈልገው የገጠሩን ቃል ነው። የፖም መጭመቂያውን ዕቃ፣ የአረሙን፣ የወፉን ስም «ይህ ይህን ይመስላል» እያልሽ ጻፊልኝ።

ስለ ወንድምሽ ስለ አምብሮዝ የተሰማ ነገር አለ? እኔ ዘንድ አሥር ቀን ሰንብቶ መርከብ ላይ ከወጣ ወዲህ አንድ መስመር አልደረሰኝም። ከጸሎቴ ግን ለይቼው አላውቅም።

ወንድምሽ ጆሲያስ

*

ኮምብሌይ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1743

ለወንድሜ ለጆሲያስ፣

እግዚአብሔር ጤናውን ያብዛልህ፤ እኛንም አልረሳን።

እውነቱን ልንገርህ፣ ነገር በሆዴ አልቋጥርም። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ጊዜም ወረቀቱን ገልብጬ «የቀረው የታለ?» አልኩ። ሰባት ዓመት ዝም ያለ ሰው ለአረም ስም ብሎ ብዕር አያነሳም። ለእናቴ ሳነብላት ግን «ተይው፣ ያ ልጅ ድሮም ወረቀት ይወዳል» አለችኝ። ሁለት በጋ እኛ ዘንድ ስትመጣ ፖም እንደ መልቀም ቅርጫቱ ላይ ተቀምጠህ ታነብ አልነበር? እንግዲህ ለእሷ ስል ይኸው።

የተፈጨው ፖም ከገለባ ጋር ተነባብሮ መጭመቂያው ላይ ሲከመር «አይብ» እንለዋለን። አይብ አይደለም፣ አይብም አይመስልም፣ ሲቆረጥ ግን እንደ አይብ ነው። ለወፍ ማባረሪያ ዛፉ ላይ የምንሰቅለው ቅል «ሐሜተኛው» ይባላል፤ ነፋስ በነካው ቁጥር ይለፈልፋላ። የቀረውን ከዚህ ወረቀት ጀርባ በዝርዝር ጽፌልሃለሁ።

ጌታህ ግን «ፖም፦ የታወቀ ፍሬ» ያሉት ነገር አናዶኛል። እስቲ እዚህ ይምጡና ላሳያቸው! የትኛው ፖም? እኛ ዘንድ አሥራ አንድ ዓይነት አለ። አንዱን ስትበላው ማር ነው። ሌላውን ብትነክሰው ምላስህ ደርቆ እንደ ጫማ ቆዳ ይሆናል። ደግሞም ዓይን የሚስበው ቀዩ ነው መራራው፣ ለመጠጥ እንጂ ለአፍ አይሆንም። የታወቀ! ማን ዘንድ ነው የታወቀው?

ስለ አምብሮዝ ምንም አልሰማንም። የአባቴን ኑዛዜ አንተም ታውቀዋለህ። አምብሮዝ እስከሚመጣው ዓመት የቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ እስከ ሴፕቴምበር 29፣ ከተመለሰ ቤቱም የፖም ቦታውም የእሱ ይሆናል፣ ካልተመለሰ የእኔ። የመንደሩ ሰው «ምን ቸገረሽ፣ ቀኑን ቁጠሪ» ይለኛል። እኔ ቀን የምቆጥረው እንዲመጣ ነው። ቦታውን ይውሰደው፣ ብቻ ይምጣ።

ቶማሲን

*

ለንደን፣ ጁን 11 ቀን 1743

ለብልኋ እህቴ፣

ሰላምና በረከት ከቤታችሁ አይራቅ። «አይብ»ን ሳነብላቸው ጌታዬ ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። «ይቺ ሴት ወንድ ብትሆን እቀጥራት ነበር» አሉ።

አንድ ምሥጢር ላጫውትሽ፤ በአንቺና በእኔ መካከል ይቅር። በእኛ ሙያ ሌባ ብዙ ነው። አንዱ ዓይኑን አጥፍቶ የጻፈውን ሌላው ገልብጦ በራሱ ስም ያሳትመዋል። መጽሐፋችን በክፍል በክፍል እየወጣ ስለሆነ ጌታዬ ወጥመድ አስቀምጠዋል። «ጎርብ፦ ፍየል የሚመስል፣ ጭራው እንደ ዓሣ ጭራ የሰፋ፣ በረግረግ የሚኖር አውሬ» ብለው ጻፉ። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ፍጥረት አልፈጠረም! የፈጠሩት ጌታዬ ናቸው። ጎርብ በሌላ ሰው መጽሐፍ ብቅ ያለ ዕለት ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ ማለት ነው። ምን ትያለሽ?

አሁን ደግሞ ልጆች ለነገር የሚያወጡትን ስም እየሰበሰብን ነው። አንቺና አምብሮዝ ለሁሉ ነገር የራሳችሁ ስም እንደነበራችሁ ትዝ ይለኛል፣ ስሞቹ ግን ጠፍተውብኛል። ያቺን ጎባጣ ዛፍ ምን ነበር የምትሏት? መሰላሉንስ? አምብሮዝ መዳፉ ላይ ጠባሳ ነበረው፣ ቀኝ ነው ግራ? ይህ እንኳ ለመጽሐፉ አይደለም፤ ናፍቆት ነው።

ደብዳቤዬን የምታነቢው አንቺ ብቻ ነሽ ወይስ ሌላም ሰው ያነበዋል?

ወንድምሽ ጆሲያስ

*

ኮምብሌይ፣ ጁላይ 9 ቀን 1743

ለወንድሜ ለጆሲያስ፣

በሰላም ያሰንብትህ። የማነበው እኔ ነኝ፣ የምትሰማው እናቴ። ሌላ ማን አለን? ግን ለምን ጠየቅህ? ስለ ዛፍና ስለ መሰላል የሚጻፍ ደብዳቤ ምን የሚደበቅ ነገር አለው? ለንደን ውስጥ ሰው ያለ ምክንያት ያንሾካሹካል መሰለኝ።

ጎባጣዋ ዛፍ «እትዬ ፕሩ» ናት። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ወገቧን ይዛ የምታቃስተውን እትዬ ፕሩደንስን ስለምትመስል አምብሮዝ ነው ያወጣላት። ትክክለኛዋ እትዬ ፕሩ ሰምታ በጥፊ ብላዋለች። መሰላሉ «ሰካራሙ» ነው፤ አንድ እግሩ አጭር ነበር። ጠባሳው ግራ መዳፉ ላይ ነው። የመጭመቂያው ብረት ገና አምስት ዓመት ሳይሞላው ነው ያቃጠለው። እሳት አይደለም፣ በፀሐይ የጋለ ብረት ነው፤ ግማሽ ጨረቃ ይመስላል። እናቴ ቅቤ ቀብታ ሌሊቱን ሙሉ ይዛው አደረች።

ይህን ስጽፍ አልቅሻለሁ። ለመጽሐፍም ይሁን ለናፍቆት፣ አንተ ታውቃለህ።

ቶማሲን

*

ኮምብሌይ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1744

ለወንድሜ ለጆሲያስ፣

ሰባት ወር መልስ ሳትሰጠኝ ቀረህ። ቃሌን ከወሰድክ በኋላ ጠፋህ ብዬ ላማህ ነበር። አሁን ግን ሐሜቱን ልተወውና የሆነውን ልንገርህ። አምብሮዝ መጣ!

ማክሰኞ ዕለት ከእኛ ሽማግሌ ሠራተኛ ከዛካሪ ጋር ቅርንጫፍ ስንቆርጥ አንድ ሰው በሩን ገፍቶ ገባ። ወደ እኛ አልመጣም። ቀጥ ብሎ ወደ ጎባጣዋ ዛፍ ሄዶ እጁን ጣለባትና «እትዬ ፕሩ፣ እስካሁን አልሞትሽም?» አላት። መጋዙ ከእጄ ወደቀ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ ተንበርክኮ «የኔ ካፒቴን» አላት። ጆሲያስ፣ ይህን ስም ከቤታችን ውጪ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ለአንተም አልጻፍኩልህም። ልጅ ሆኖ «ግባ፣ ውጣ፣ ታጠብ» ስትለው ነው ካፒቴን ያላት። እናቴ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ዳሰሰችው። ከግንባሩ እስከ አገጩ፣ ከዚያም መዳፉን። ብዙ ቆየች። በመጨረሻ «ግባ፣ ብርድ ነው» አለችው።

ደስታዬን እንዴት ልንገርህ! ግን ነገር በሆዴ አልቋጥርም ብዬሃለሁና ይህንንም ስማ። በማግሥቱ ለመጠጥ ካቆየነው ቀይ ፖም አንዱን አንሥቶ ገመጠና ፊቱ ተጨማዶ ተፋው። ዛካሪ «አንተ ልጅ፣ ምላስህን ባሕር ጥለኸው መጣህ እንዴ?» አለው። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን የተገመጠውን ፖም አንሥቼ አየሁት። እዚህ ቦታ የተወለደ ልጅ ከእናት ጡት ቀጥሎ የሚያውቀው ቀዩን ፖም አለመንከስ ነው። ይረሳል? እውነት ይህ ይረሳል?

እሱ አንተ ዘንድ ነበር ያረፈው። የምታውቀው ነገር ካለ ንገረኝ።

ቶማሲን

*

ለንደን፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1744

ለውድ እህቴ፣

አምላክ ይመስገን! እኔም ደስታዬ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ወዲያው ነው የምመልስልሽ።

ግን እህቴ፣ ስለ አንድ ፖም ብለሽ ወንድምሽን ትጠረጥሪዋለሽ? አሥር ዓመት የባሕር ጨው የላሰ ሰው የፖም ጣዕም ቢረሳ ይፈረድበታል? ከአክስቴ የበለጠ ማን ያውቀዋል? በገዛ እጃቸው ዳስሰው ተቀብለውታል። ከእናት እጅ በላይ ምስክር የለም። በጥያቄ አታስጨንቂው። ጉልበቱንም ብርድ እንዳያገኘው ጨርቅ ጠቅልይለት፤ ያ አወዳደቅ እስካሁን ሳያመው አይቀርም።

ቦታውን መሸጥ ከፈለገ ደግሞ አትከልክይው። ባሕር የለመደ ሰው ለዛፍ አይሆንም። እኔ የማውቀው ገዢ አለ። ሽያጩን ለአክስቴ አትንገሪያቸው፣ ይጨነቃሉ። ለቅዱስ ሚካኤል እኔ ራሴ መጥቼ ዳኛው ፊት «አምብሮዝ ይህ ነው» ብዬ እመሰክራለሁ። አንቺም «ወንድሜ ነው» ብለሽ ወረቀቱ ላይ ትፈርሚያለሽ፤ በቃ፣ ነገሩ ያልቃል።

ወንድምሽ ጆሲያስ

*

ኮምብሌይ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1744

ለወንድሜ ለጆሲያስ፣

መልሴን ስላዘገየሁ ይቅር በለኝ። ምክርህን እያብላላሁት ነበር። እውነትህን ነው፣ የእኔ ነገር እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖ ነው። አምብሮዝ ደህና ነው። ጉልበቱንም ጠቅልዬለታለሁ። ሽያጩን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ለመጽሐፍህ አንድ ቃል ረስቼ ነበር፤ ይኸውልህ። «ጃክዶ፦ ቁራ የሚመስል፣ ከቁራ የሚያንስ፣ አንገቱ ላይ ግራጫ ያለው፣ የሚያብለጨልጭ ነገር የሚሰርቅ ወፍ»። አምብሮዝ ሰባት ዓመቱ ሳለ ከጎጆ የወደቀ አንድ ጃክዶ አሳድጎ ነበር። በአንገቱ ግራጫ የተነሣ «ጳጳሱ» ይለው ነበር። ትከሻው ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ይካፈለዋል። የሞተ ጊዜ ከውኃ ጉድጓዱ ድንጋይ ሥር ቀበርነው፤ እናቴም ቆማ መዝሙር ዘመረችለት። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አምብሮዝ ከመጣ ወዲህ ስለ ጳጳሱ አንድ ቀን አላነሣም። ያን ያህል ይወደው የነበረውን መርሳቱ ትንሽ ይከነክነኛል። ግን አንተ ካልከኝ በኋላ ዝም ብዬአለሁ።

ለመጽሐፉ ይሆን ይሆን?

ቶማሲን

*

ለንደን፣ ሜይ 8 ቀን 1744

ለመልካሟ እህቴ፣

ጤናና ሰላም ይብዛልሽ። ስለ ጳጳሱ ሳነብ ዕንባዬ መጣ። ወፉ መጽሐፉ ውስጥ ይገባል፤ የእኔ ቃል ነው። አምብሮዝም አልረሳውም፣ ወንዶች ኀዘናችንን ሆዳችን ውስጥ ነው የምንይዘው። ጊዜ ስጪው፣ ራሱ ያነሣዋል።

ጉድ ልንገርሽ! ጎርብ ተገኘ! አንድ ተፎካካሪያችን ባለፈው ሳምንት ባሳተመው መጽሐፍ «ጎርብ፦ ፍየል የሚመስል፣ ጭራው እንደ ዓሣ ጭራ የሰፋ» ብሎ ቁጭ አድርጎታል። አንዲት ቃል አልለወጠም። ጌታዬ ሲስቁ ውለው ከሰዓት በኋላ ጠበቃ አስጠሩ። ምን ዓይነት ጅል ነው በይ! ሌባ እኮ አያጣራም። የሚያፍሰው እውነት ይሁን ውሸት ቆም ብሎ አይጠይቅም።

ለቅዱስ ሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው ከገዢው ጋር እደርሳለሁ። ወረቀቱን አስቀድሜ ለአምብሮዝ እልካለሁ፤ ስትፈርሚ እጅሽ አይንቀጥቀጥ። አንድ ቅርጫት ፖምም ብታዘጋጂልኝ ደስ ይለኛል፣ ከጣፋጩ።

ወንድምሽ ጆሲያስ

*

ኮምብሌይ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1744

ለሚስተር ጆሲያስ ሄርድ፣

ጤናዎን አልጠይቅዎትም፤ እንደ እርስዎ ያለ ሰው አይታመምም።

«ጉልበቱን ጠቅልይለት» ያሉኝን ደብዳቤ ያነበብኩ ዕለት ነው ሆዴ የቆረጠው። ያነክሳል ብዬ አልጻፍኩልዎትም ነበር። ስለ ሽያጭም ትንፍሽ አላልኩም፣ እሱም ያኔ ገና አላነሣውም። የእርስዎን የቆዩ ደብዳቤዎች አውጥቼ ደረደርኳቸው። ስለ ዛፉ ጠየቁኝ፣ ሰውየው ዛፉን አወቀ። ጠባሳውን ጠየቁኝ፣ ጠባሳውን ይዞ መጣ። እኔ ሞኟ ወንድሜን በቁራጭ በቁራጭ ጽፌ ልኬልዎት ኖሯል፤ እርስዎ ደግሞ እንደ ቃል ወረቀትዎ አስረው ሰው አደረጉት።

ግን «የኔ ካፒቴን» ነበረች። ያቺን አልላክኩም። በእሷ ምክንያት ራሴን ስሰድብ ከረምኩ። «ወንድምሽ ከሞት ተርፎ መጥቶ አንቺ ታጣሪያለሽ? ለቦታው ጓጉተሽ ይሆን?» እያልኩ። ያኔ የጌታዎ ጎርብ ትዝ አለኝ። እኔም አንድ ጎርብ ጻፍኩ። በእኛ ቤት ጃክዶ ኖሮ አያውቅም። ጳጳሱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ልብስ እያጠብኩ።

ላክሁልዎትና ጠበቅሁ። ጁን አለፈ፣ ምንም አላለም። ጁላይም ኦገስትም አለፈ። ዝም ባለ ቁጥር ደስ እያለኝ ሄደ። «ተመስገን፣ ወንድሜ ነው፣ ጆሲያስንም በከንቱ ነው ያማሁት» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ሾርባውን እንኳ ወፈር ያለውን ለእሱ መጨለፍ ጀምሬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ቀትር ላይ እትዬ ፕሩ ሥር ምሳ እየበላን ነበር፤ እናቴ ባቄላ ትፈለፍላለች። ሰውየው የላኩለትን ወረቀት አወጣ።

«ቶማሲን፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ።

«ቆይ፣ እጄ ርጥብ ነው» አልኩት።

አየኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ዞረ። «እዚህ ስቀመጥ ሁልጊዜ ጳጳሱ ይመጣብኛል» አለ።

«የቱ ጳጳስ?»

«ወፌ ነዋ! ረሳሽው? እዚያ ድንጋይ ሥር ቀበርነው እኮ። ካፒቴን ዘምራለት አልነበር?»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ የእሱን ብቻ ሳይሆን የእርስዎንም አየሁት። ምንም ሳልናገር የእናቴ እጅ ባቄላው ላይ ቆመ።

«ወፍ?» አለች። «በእኔ ቤት?»

ወፍ ከገባበት ቤት ሬሳ ይወጣል ብላ የመስኮት ፍርፋሪ እንኳ የምታስጠርግ ሴት ናት። እርስዎ ሁለት በጋ ቅርጫት ላይ ተቀምጠው ሲያነቡ ይህን አላዩም። ሰውየው ወደ እኔ ዞረ፣ ወደ እሷ ዞረ፣ ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ዛካሪ መንሹን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ግን አላስፈለገም።

«ስሜ ቶቢያስ ክራች ነው» አለ። «ተዋናይ ነበርኩ፣ ከመድረክ ወድቄ እግሬ እስኪበላሽ ድረስ።» መዳፉን ዘረጋ። «ይህን ያቃጠለው እሱ ነው፣ አምና ኦገስት፣ በማንኪያ። ደብዳቤሽን እያየ ነው ቅርጹን ያወጣው።»

«የኔ ካፒቴን የሚለውን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ይቅርብሽ» አለኝ። እናቴ «ንገራት» አለችው።

«ከሳጥኑ ነው» አለ። «የልጅሽ ሳጥን ጆሲያስ አልጋ ሥር ነው ያለው። ጃማይካ ላይ በንዳድ ነው የሞተው፣ በአሥራ ሰባት መቶ ሠላሳ ስምንት። መጨረሻ ያረፈው እዚያ ስለነበር የመርከቡ አዛዥ ሳጥኑን ወደዚያ ላከው። ውስጡ ለአንቺ የጻፋቸው ደብዳቤዎች አሉ። አነጋገሩን እንድማር አስነበበኝ። ሁሉም 'የኔ ካፒቴን' ብለው ነው የሚጀምሩት።»

ስድስት ዓመት፣ ሚስተር ሄርድ። ስድስት ዓመት የልጇን ደብዳቤ አልጋዎ ሥር አድርገው ተኝተዋል። «ከጸሎቴ ለይቼው አላውቅም» ብለው የጻፉልኝ በዚያው አልጋ ላይ ሆነው ነው? ቦታውን ቢሰርቁኝ ኖሮ ሌባ ብዬ እተውዎት ነበር። ለዚህኛው ስም የለኝም። እናንተ ዘንድ ካለ ይፈልጉለት።

እናቴ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ዛካሪ ቶቢያስን ወደ ዳኛው ሊወስደው ሲነሣ «ምሳውን ይጨርስ» አለች። ከሄዱ በኋላ ጠየቅኋት።

«አውቀሽ ነበር?»

«እጄ እንደነካው።»

«ታዲያ ሰባት ወር ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንድ ቀን 'ልጄ' ስለው ሰምተሻል? ልብ አላልሽም» አለችኝ። «አንቺ ግን ስትስቂ ሰማሁ። ከአሥር ዓመት በኋላ። እንግዲህ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ቤትሽን ሊሸጥ መሆኑን መች ነገርሽኝ?»

አልነገርኳትም፤ እንዳትጨነቅ ብዬ። እርስዎ ነዎት የመከሩኝ።

«በምን አወቅሽው? ምኑ ጎደለ?» አልኳት።

«ምኑም አልጎደለም። አፍንጫውም ይመስላል፣ መዳፉም ይመስላል» አለች። «እኔ ልጄን በምን ላመሳስለው? የታወቀ ነው።» ባቄላዋን መፈልፈል ቀጠለች።

ስለዚህ ለጌታዎ አንድ መልእክት ያድርሱልኝ። ስለ ፖም የተናገርኩትን አንሥቻለሁ። እንደጻፉት ይተዉት።

የቶቢያስን ቃል ዳኛው ጽፈው፣ እሱም ፈርሞበት፣ እጃቸው ላይ አለ። እስከ ፍርዱ ድረስ ዛካሪ ዘንድ ሆኖ ፖም ይለቅማል፤ አሁን ቀዩን ከጣፋጩ ለይቷል። እርስዎ ለቅዱስ ሚካኤል አይምጡ። ገዢዎም አይምጣ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎት ጭነኛ ሐሙስ ይመለሳል። ሳጥኑን ከነቁልፉ ይስጡት። ደብዳቤዎቹ ሳይጎድሉ ይምጡ፤ ቶቢያስ አሥራ አራት ናቸው ብሏል።

ማን ያነበዋል ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የማነበው እኔ ነኝ፣ የምትሰማው እናቴ። ሌላ ሰው የለንም።

ቶማሲን ሄርድ